ዶሮው አስቀድሞ ይጠበሳል፦ የሞቲ መሃልን በተር ቺክንና ዳል ማክኒ በቤት የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

በተር ቺክን በቲማቲም፣ በቅቤና በክሬም መረቅ የራሰ የተጠበሰ ዶሮ ነው፤ ዳል ማክኒ ደግሞ በቅቤ የሚሠራ የጥቁር ጥራጥሬ ወጥ። በተር ቺክን ሲጀመር የድስት ምግብ አልነበረም። የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጥ ምግብ ቤት የተረፈውን ዶሮ በመረቅ ለማቅረብ ያመጣው ዘዴ ነው። ይህችን ነገር ከያዛችሁ የሥራው ግማሽ አለቀ። ካልያዛችሁ ጥሬ ዶሮ ቲማቲም ውስጥ ትከታላችሁ፣ ክሬም ታፈሱበታላችሁ፣ የሚወጣውም ነገር ይበላል። በተር ቺክን ግን አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው አሠራር አብዛኛው «በ30 ደቂቃ ጨርሱ» ይላል። ይሄኛው ሁለት ቀን ይፈልጋል። አትደንግጡ፣ አብዛኛው ሰዓት እናንተ ተኝታችሁ የሚያልፍ ነው።

ምግቡ ከየት መጣ?

ዴልሂ ውስጥ ዳርያጋንጅ የሚባል ሰፈር አለ፤ ከቀይ ምሽግ ብዙም አይርቅም። ሞቲ መሃል የተባለው ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተው እዚያ ነው። ከፋቾቹ ግን የዴልሂ ልጆች አልነበሩም። ኩንዳን ላል ጉጅራል፣ ኩንዳን ላል ጃጊና ታኩር ዳስ ከፔሻዋር የመጡ ተፈናቃዮች ነበሩ። ፔሻዋር ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናት። እዚያ ሞካ ሲንግ የሚባል ሰው ምግብ ቤት ነበረው፤ ሙያውን የለመዱት እሱ ዘንድ ነው። ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ሚሊዮኖች ቤታቸውን ጥለው ድንበር ተሻገሩ፤ እነሱም ዴልሂ ገብተው የሚያውቁትን ሥራ ጀመሩ።

ታንዱር በዚያ አካባቢ ከጥንት የነበረ የሸክላ ምድጃ ነው። በዋናነት ቂጣ ይጋገርበታል። እርጎና ቅመም ውስጥ ያደረ ዶሮ በረጅም ሽቦ ሰክቶ እዚያ ውስጥ ማውረድ የሞቲ መሃል መለያ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ምግቡን ወደዱት። የውጭ እንግዳ ሲመጣም ለመንግሥት ግብዣ ከዚያ ይታዘዝ ጀመር።

ገበያው ሲደራ ጭቅጭቅም አይቀርም። የጉጅራል ቤተሰብ ዛሬም በሞቲ መሃል ስም ምግብ ቤቶች ያስተዳድራል። የጃጊ የልጅ ልጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሸሪኩ ጋር ሆኖ ዳርያጋንጅ የሚል ምግብ ቤት ከፈተ። በተር ቺክንና ዳል ማክኒን የፈለሰፍነው እኛ ነን ብሎም ማስታወቂያው ላይ ጻፈ። ጉጅራሎች እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱት። የክሱ ሰነድ 2,752 ገጽ ነው። ለወጥ! የተጠየቀው ካሳ ወደ 240,000 ዶላር ይጠጋል።

ጉጅራሎች እንደሚሉት ኩንዳን ላል ጉጅራል ገና ፔሻዋር ሳለ ያልተሸጠው ዶሮ እየደረቀ ሲያስቸግረው በቲማቲም፣ በቅቤና በክሬም መረቅ አራሰው። ጃጊዎች እንደሚሉት ደግሞ ነገሩ የሆነው ዴልሂ ነው። አንድ ምሽት እንግዶች አምሽተው መጡ፣ የቀረው ዶሮ ጥቂት ነበር፣ በመረቅ እንዲበረክት ተደረገ። ማን ይረታል የሚለውን ለዳኞቹ እንተወው። ድስት ለያዘ ሰው ሁለቱም ታሪክ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፤ ዶሮው ድስት ውስጥ ሲገባ ተጠብሶ ያለቀ ነበር።

ወጥ ቤቱ እንዴት ይሠራል?

እንዲህ ባለ የሰሜን ሕንድ ምግብ ቤት ታንዱሩ ላይ የሚቆመው ሰው ሌላ ሥራ የለውም። ዶሮውን ያወርዳል፣ ያወጣል፣ ናን የሚባለውን ቂጣ የታንዱሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ከሥር የሚነደው ከሰል ታንዱሩን ከ400 ዲግሪ በላይ ሊያግለው ይችላል። ከዶሮው የሚንጠባጠበው ስብ ፍሙ ላይ ሲያርፍ ጭስ ይሆናል፤ ጭሱም ተመልሶ ዶሮው ላይ ይቀመጣል። ዶሮው ደግሞ በአንድ ጊዜ አይበስልም። ትንሽ ቀላ ሲል ይወጣል፣ ጭማቂው እስኪንጠባጠብ ይሰቀላል፣ ቅቤ ይቀባል፣ እንደገና ይወርዳል።

ሌላው ሼፍ ድስቶቹ ጋር ነው። መረቁን በትልቅ ድስት አስቀድሞ ይሠራል። ዳሉ ሌሊቱን ሙሉ ታንዱሩ ውስጥ በቀረው ፍም ሙቀት ሲንተከተክ ያድራል። ምሳ ሰዓት ላይ ትእዛዝ ሲመጣ የሚቀረው ዶሮና መረቅ ማገናኘት ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚደርሰው ለዚህ ነው። እኛም በዚሁ ቅደም ተከተል እንሠራለን።

ግዢ፦ ያለንና የሌለን

ደስ የሚለው ነገር ቅመሙ አብዛኛው ቤታችን ያለ ነው። እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት። ሄል ስል ትንሿን አረንጓዴዋን ነው። ኮረሪማ የሩቅ ዘመዷ ቢሆንም ጣዕሙ ሌላ ነው፤ እዚህ አታስገቡት።

በርበሬው ላይ ጠንቀቅ በሉ። ቤት ያለው የተደለዘ በርበሬ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ቅመም ሁሉ መረቁን ወደ ዶሮ ወጥ ይጎትተዋል። ሚጥሚጣም አይሆንም። ሕንዶቹ የካሽሚር በርበሬ የሚጠቀሙት ለቀለሙ ነው፤ ብዙም አያቃጥልም። እዚህ አገር ካለው ለእሱ የሚቀርበው የማረቆ ዛላ ነው። ፍሬውን አራግፋችሁ ልጡን ብቻ ደቁሱ ወይም አስፈጩ። በርበሬ ተራ ሄዳችሁ ዛላውን መርጣችሁ ብትገዙ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሬስቶራንቶች ያንን የሚያበራ ቀይ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ከምግብ ቀለም ነው። እኔ አልመክርም። ደህና በርበሬ ካለ አያስፈልግም።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን፣ ጨው የሌለበት። የእኛ ንጥር ቅቤ ኮሰረትና ኮረሪማ ስላለበት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ካላችሁ ግን ይሆናል።

ጋራም ማሳላ የሚባለው የተፈጨ ቅመም የእነሱ መከለሻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ቤት ለመሥራት ከሆነ 10 ፍሬ ሄል፣ 6 ቅርንፉድ፣ የጣት ግማሽ የምታክል ቀረፋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሙን በደረቅ መጥበሻ አሙቁና ውቀጡ።

አስቸጋሪዋ ካሱሪ ሜቲ ናት፦ የደረቀ የአብሽ ቅጠል። የበተር ቺክን ሽታ ብላችሁ የምታስታውሱት ሽታ የእሷ ነው። እኛ ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን አልለመድንም። አዲስ አበባ ያላችሁ የሕንድ ዕቃ የሚያመጡ ሱቆችን ጠይቁ። ዱባይ፣ ለንደን ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ማንኛውም የሕንድ ግሮሰሪ ትገኛለች። ከጠፋች በጣቶቻችሁ ጫፍ የምትያዝ ታህል የተቆላ አብሽ ዱቄት አስገቡ። ከዚያ አይለፍ፣ ይመራል።

ለዳሉ ደግሞ ኡራድ የሚባል ጥቁር ጥራጥሬ ያስፈልጋል። የማሾ ዘመድ ነው፣ መልኩም ይመስላል፣ ቆዳው ግን ጥቁር ነው። ሳይከካ፣ ከነቆዳው ግዙት። ካላገኛችሁ ማሾ ይሞክራል። ያን ያህል አይወፍርም እንጂ አያሳፍርም።

የሚከተለው ልክ ለአራት ሰው የሚበቃ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ማታ

ደረጃ 1፦ ጥራጥሬውን ዘፍዝፉ። 200 ግራም ኡራድና 50 ግራም ቀይ ቦሎቄ በብዙ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ይኸው ነው።

ደረጃ 2፦ እርጎውን አጥልሉ። አንድ ብርጭቆ ተኩል ወፍራም እርጎ በስስ ንጹህ ጨርቅ ቋጥራችሁ ለአንድ ሰዓት አንጠልጥሉት። የቤት እርጎ ከሆነ ውሃ ስለሚበዛው ሁለት ሰዓት ስጡት። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ውሃ ያለበት እርጎ ከዶሮው ላይ ይንሸራተታል፣ ትሪው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዶሮውም ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ደረጃ 3፦ ዶሮውን አዘጋጁ። የፈረንጅ ዶሮ ይሁን፣ ከ1 እስከ 1.2 ኪሎ። የሐበሻ ዶሮ ለወጥ ንጉሥ ነው፣ ለዚህ ግን ጠንካራ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ጥብስ አይበገርም። ቆዳውን ግፈፉ። አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት አያስፈልግም። አራት ቦታ ብቻ ነው የሚቆረጠው፦ ሁለቱ እግሮች ከነታፋቸው፣ ፍርምባው ከነአጥንቱ ለሁለት። ከዚያ በስለታም ቢላ እያንዳንዱን ብልት ሦስት አራት ቦታ እስከ አጥንቱ ተልትሉት።

በሎሚና በጨው ማጠቡ ላይ አልከራከርም፣ ያደግንበት ነው። ካጠባችሁ ግን በወረቀት ፎጣ ሙልጭ አድርጋችሁ አድርቁት። እርጥብ ዶሮ ቅመም አይዝም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቅመም። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የአንድ ትልቅ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የዛላ በርበሬ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አብሮ የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። በእጃችሁ እሹት፣ ትልታዩ ውስጥ አስገቡት። ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ጨውና ሎሚው ሥጋው ውስጥ የሚገባው አሁን ነው። እርጎው ቀድሞ ከገባ መንገዱን ይዘጋበታል።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛው ቅመም። የጠለለውን እርጎ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ምቱት። የሰናፍጭ ዘይት ካለ እሱን፣ ከሌለ የምግብ ዘይት። ዶሮውን ለውሱት፣ ክደኑት፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጥሩ ነው። ከአንድ ቀን በላይ ካቆያችሁት ሥጋው ይላሽቃል።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት፦ ዳል

ደረጃ 6፦ ቀቅሉት። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ። ጥራጥሬውን በእጃችሁ እያሻሻችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጣዱትና መጀመሪያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በኃይል ይፍላ። ይህን አትዝለሉ። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያናጋ መርዝ አለው፤ በቀስታ ሙቀት ብቻ መቀቀል አያጠፋውም። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቀቀል። በፕሬዠር ኩከር ከሆነ 40 ደቂቃ ይበቃል። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኗት ያለ ትግል መፍረስ አለባት።

ደረጃ 7፦ አንተክትኩት። የማማሰያውን ጀርባ ተጠቅማችሁ ሲሶ የሚሆነውን ፍሬ ድስቱ ግድግዳ ላይ ጨፍልቁት። ሁለት የበሰሉ ቲማቲሞች ፈጭታችሁ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ጨውና 50 ግራም ቅቤ ጨምሩ። አሁን እሳቱ ከሁሉም ዝቅተኛው ላይ ይሁን። ሁለት ሰዓት። ሦስት ቢሆን ይሻላል። ሲወፍር የፈላ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይግባ። በየአሥር አሥራ አምስት ደቂቃው ከሥሩ እያማሰላችሁ፣ ምክንያቱም ይይዛል።

እንደተከፈለ ድብልቅ ሆኖ ይጀምራል፤ ፍሬው ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ልዩነቱ ይጠፋል። ማንኪያ ስታነሱ በቀስታ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ ከጥቁር ወደ ቡናማ ቀይ ይመጣል። ያኔ ሌላ 30 ግራም ቅቤና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ክሬም ጨምራችሁ አውጡት። ሰዎች ዳሉ አልወፍር ሲላቸው ክሬም ያበዙበታል። ውፍረቱ መምጣት ያለበት ከጥራጥሬው ነው። ክሬም ሰዓትን አይተካም።

ከሰዓት በኋላ፦ ዶሮ

ደረጃ 8፦ ኦቨኑን አግሉ። ኦቨናችሁ የሚደርስበት የመጨረሻ ሙቀት፣ አብዛኛው ቤት 250 ነው፤ 20 ደቂቃ ባዶውን ይጋል። ዶሮውን ከግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጡ። ትርፉን እርጎ አራግፉ፤ በስሱ ይቀባ እንጂ አይጎርበጥ። ፍርግርግ ላይ ደርድሩት፣ ከሥሩ ትሪ ይሁን። ዶሮው ትሪው ላይ ከተኛ በራሱ ጭማቂ ይቀቀላል።

ደረጃ 9፦ ሁለት ጊዜ ጥበሱ። በኦቨኑ የላይኛው ክፍል 15 ደቂቃ። አውጡት። አሥር ደቂቃ ይረፍ። የቀለጠ ቅቤ ቀቡት፣ ገልብጡት፣ እንደገና ከ10 እስከ 12 ደቂቃ መልሱት። መጨረሻ ላይ የላይኛውን እሳት ብቻ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ለኩሱ። ጫፍ ጫፉ ጥቁር ይሁን፣ አትፍሩ። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ አጥንቱ አጠገብ 74 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ከሌላችሁ ታፋውን ወጋ አድርጉት፣ የሚወጣው ጭማቂ የጠራ ይሁን። ፍርምባው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ ከደረሰ አውጡት።

ኦቨን የሌላችሁ ደግሞ አታዝኑ። ከሰል ላይ በፍርግርግ መጥበስ እንዲያውም ወደ ታንዱሩ ይቀርባል። ፍሙ አመድ ሲለብስ ጀምሩ፣ ቶሎ ቶሎ ገልብጡ፣ መሃል ላይ እንደዚሁ አሳርፉት።

ትሪው ላይ የጠፈጠፈውን ጭማቂ ማንም እንዳይደፋው። አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም፣ ግን መረቁን በተር ቺክን የሚያደርገው እሱ ነው። ትሪውን በትንሽ ሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ የተጣበቀውን ሁሉ ፋቁና አስቀምጡ።

ደረጃ 10፦ ጭስ። የቡና ከሰል ካላችሁ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ዶሮውን ትልቅ ድስት ውስጥ ክተቱ። መሃሉ ላይ ትንሽ የብረት ሳህን አስቀምጡ። በደንብ የቀላ አንድ ፍም በመቆንጠጫ አንስታችሁ ሳህኑ ላይ አድርጉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ጠብ አድርጉበት፣ ወዲያው ክደኑ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አሥር ካደረጋችሁት ዶሮው የጭስ ቤት ይሸታል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉ፣ መስኮትም ክፈቱ።

ይህን ዶሮ አሁን በሎሚና በጥሬ ቀይ ሽንኩርት ብትበሉት ታንዱሪ ዶሮ ነው። ቤት ውስጥ የሚዞር ሰው ካለ ደብቁት፣ ወደ ድስቱ ሳይደርስ ያልቃል።

መረቁ

መረቁን ዳሉ እየተንተከተከ ጎን ለጎን ብትጀምሩት ያመቻል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ቀይ ሽንኩርት የለም። አውቃለሁ፣ እጃችሁ ወደ መክተፊያው እየሄደ ነው። ወጥ በቁሌት ይጀመራል ብለን ነው ያደግነው። ሽንኩርት የሚያስገቡ ሕንዶችም ሞልተዋል። የዴልሂው የቲማቲምና የቅቤ መረቅ ግን ያለ እሱ ነው የሚያምረው። ሽንኩርት ሲገባ መረቁ ይጣፍጣል፣ ይከብዳል፣ የቲማቲሙ ጥራት ይጠፋል። አንድ ጊዜ እመኑኝና ተዉት።

ደረጃ 11፦ ቲማቲሙን አብስሉ። አንድ ኪሎ ልል ብሎ የቀላ ቲማቲም በትልልቁ ቁረጡ። ከ30 ግራም ካሹ፣ ከጣት የምታክል ዝንጅብል፣ ከ6 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ ቃሪያ፣ ከ4 ሄል፣ ከ3 ቅርንፉድ፣ ከትንሽ ቀረፋ፣ ከሁለት የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ከጨውና ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር ጣዱት። 30 ግራም ቅቤም ይግባ። ክደኑና 25 ደቂቃ ይብሰል። ቲማቲሙ ፈዛዛ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይደግፈዋል። ካሹ ካልተገኘ ይቅር፣ በኦቾሎኒ አትተኩት።

ደረጃ 12፦ ፍጩና አጥልሉ። ቀረፋውን አውጡ። ቀዝቀዝ ሲል ብሌንደር ውስጥ አድቅቁት፣ ከዚያ በወንፊት አጥልሉት። በማንኪያ ጀርባ እየገፋችሁ። ቆዳው፣ ፍሬው፣ የሄሉ ገለባ ሁሉ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። አሰልቺ ነው። ግን በሬስቶራንቱና በቤቱ መካከል ያለው የልስላሴ ልዩነት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 13፦ ቅቤውን አስገቡ። የጠለለውን መልሳችሁ ጣዱ። 60 ግራም ቅቤ ጨምራችሁ በመካከለኛ እሳት ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አማስሉ። መጀመሪያ ይፈናጠራል፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ። ቀስ በቀስ ይረጋጋል፣ ቅቤው ዳር ዳር ላይ ወጣ ወጣ ይላል። ቅመሱት። ከጎመዘዘ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር። ጣፋጭ እስኪሆን ግን አይደለም፤ ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ሬስቶራንቶች ማጣጣሚያ አስመስለውታል።

ደረጃ 14፦ አገናኙ። እያንዳንዱን ብልት ከነአጥንቱ ለሁለት ለሦስት ቁረጡ። የትሪውን ጭማቂ መረቁ ውስጥ ጨምሩ፣ ቀጥሎ ዶሮውን። ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ብቻ። በስሏል፣ የሚፈልገው መራስ ነው። እሳቱን አጥፉ። ግማሽ ብርጭቆ ክሬም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በመዳፍ የታሸች ካሱሪ ሜቲ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ። ካማሰላችሁ በኋላ ክደኑና አምስት ደቂቃ ይቆይ። ክሬሙ እሳት ላይ እያለ ከገባና ከፈላ ሊቋጠር ይችላል።

ናን ያለ ታንዱር

400 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ ሊጡ ለስላሳ እስኪሆን ለብ ያለ ውሃ። አሽታችሁ ሁለት ሰዓት ሸፍናችሁ ተዉት፣ ከዚያ ስምንት ቦታ ድቡልቡል አድርጉ።

ዘዴው መጋገሩ ላይ ነው። የብረት መጥበሻ በጋዝ እሳት በደንብ አግሉ። የዳመጣችሁትን ሊጥ አንዱን ፊት ውሃ ቀቡና በእርጥቡ በኩል መጥበሻው ላይ ለጥፉት። ፊኛ ፊኛ ሲያወጣ መጥበሻውን ከነእጀታው ገልብጣችሁ የናኑን ፊት ለእሳቱ ስጡት። ውሃው ስለያዘው አይወድቅም። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጠቃጠቆው ይወጣል። የማያጣብቅ መጥበሻ ላይ ይህ አይሠራም፣ ናኑ እሳቱ ውስጥ ይወድቃል። በኤሌክትሪክ የምትሠሩ ደግሞ ዝም ብላችሁ ሁለቱንም ፊት ጋግሩና ቅቤ ቀቡት። ሩዝም ያስኬዳል። በእንጀራ የሚበላም አለ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ከቲማቲሙ ጋር ይጋጫል ባይ ነኝ፣ ለዳሉ ግን ይስማማል።

ለጾም፣ ለኮሸርና ለነገ

በጾም ቀን ዳሉን ብቻ በዘይት መሥራት ትችላላችሁ። ሦስት ሰዓቱን ከሰጣችሁት ያለ ቅቤም ወፍራምና ጣፋጭ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን በዘይት አቁላልታችሁ ከላይ አፍስሱበት። ዳል ማክኒ ብላችሁ ግን አትጥሩት፣ ቅቤ የሌለበት ነው።

እስራኤል ያላችሁና ኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሕግ) የምትጠብቁ አንባቢዎች ዶሮን ከቅቤ፣ ከእርጎና ከክሬም ጋር እንደማታገናኙ ግልጽ ነው። ዶሮውን በሎሚ፣ በዘይትና በቅመም ብቻ አሳድሩት፣ በዘይት ጥበሱት፣ መረቁን በካሹና በኮኮናት ወተት አወፍሩ። ካሹውን ወደ 60 ግራም ከፍ አድርጉት። ዳል ማክኒውን ደግሞ ለወተት ማዕዳችሁ ሙሉ በሙሉ በቅቤ ሥሩት፤ ከሁለቱ ምግቦች እኔን ብትጠይቁኝ የሚበልጠው ዳሉ ነው።

እንግዳ ለምትጠብቁ፦ መረቁ እስከ ደረጃ 13 ድረስ ሁለት ቀን ቀድሞ ሊሠራ ይችላል፤ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ወር ይቆያል። ክሬሙና ካሱሪ ሜቲው በሚቀርብበት ቀን ይግባ። ዶሮውን ግን በዚያው ቀን ጥበሱት። የተረፈው ዳል ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር እንደ ገንፎ ይጠጥራል። በፈላ ውሃ አላሉት፣ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁት፣ ጨውም አስተካክሉ። ቅቤ አትድገሙበት፣ ያለው ይበቃዋል።